የድሮውን የተማሪዎች ዳታቤዝ በስክሪፕት ማንበብ፦ ድራይቨሩ፣ ፎንቱና ጳጉሜ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከ1993 እስከ 2003 ዓ.ም. የተማሩ ልጆች ውጤት የተያዘው በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ፣ በማይክሮሶፍቱ የዳታቤዝ ፕሮግራም በአክሰስ ነው። ማሽኑ የድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ አንድ ቀን ቢነሳ ሌላ ቀን አይነሳም። ፋይሉን ወደ አዲሱ ላፕቶፕ ወስጄ በፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ በፓይዘን ላነበው ስሞክር የዳታ ሶርሱ ስም አልተገኘም፣ ድራይቨርም አልተጠቀሰም የሚል ኢረር ይሰጠኛል። በሌላ ኮምፒውተር ስከፍተው ደግሞ ስሞቹ በሙሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኑብኝ፤ የልደት ቀኖቹም ግራ ያጋባሉ። የተማሪ ስም አስገብቼ ውጤቱን የሚያወጣልኝ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) መጻፍ እችላለሁ?»

ትችያለሽ እህቴ። ኢረሩም የላቲን ፊደሉም ምክንያታቸው የታወቀ ነው፤ መረጃው አልጠፋም። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ከተለያዩ ወረዳዎች የሚመጡ እንዲህ ያሉ ፋይሎችን ለዓመታት ስከፍት ኖሬያለሁና ከመነሻው እስከ መድረሻው በዝርዝር ልንገርሽ። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ሆኖ ለአንድ ትራንስክሪፕት ዘመድ ልኮ የሚያስጠይቅ ሰው ሥራው የተንጠለጠለው እዚያ ማሽን ላይ ነው።

መጀመሪያ ግን የሐሳብሽን አቅጣጫ ላስተካክል። የፈለግሽው ስም ተቀብሎ አሮጌውን ዳታቤዝ የሚጠይቅ ስክሪፕት ነው። እኔ የምመክርሽ አሮጌውን በስም ጭራሽ እንዳትጠይቂው ነው። አንድ ጊዜ ክፈቺው፣ ያለውን ሁሉ እንዳለ አውጪ፣ ከዚያ በኋላ ፍለጋው በሙሉ በወጣው ቅጂ ላይ ይሁን። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ የአማርኛ ስም ያለበትን አክሰስ በቀጥታ በስም መጠየቅ የሌላ ተማሪ ውጤት ሊያወጣልሽ ይችላል። እንዴት እንደሆነ ወረድ ብዬ አሳይሻለሁ።

አሮጌው ማሽን ላይ ምንም ነገር አትጫኚ። ኤክስፒ ከ3.4 በላይ የሆነ ፓይዘን አይቀበልም፤ ቢቀበልም ዕድሜው ያለቀ ሃርድ ዲስክ ላይ አዲስ ነገር መጻፍ ተገቢ አይደለም። ከዚያ ማሽን የሚያስፈልግሽ መገልበጥ ብቻ ነው። አክሰስን ዝጊና ፋይሉ ያለበትን ፎልደር እዪ። ስሙ ከዳታቤዙ ጋር አንድ ሆኖ መጨረሻው ኤልዲቢ የሆነ ትንሽ ፋይል ካለ ወይ አንድ ሰው ከፍቶታል፣ ወይም መብራት ሲሄድ በወጉ ሳይዘጋ ቀርቷል። ማንም እንዳልከፈተው ካረጋገጥሽ በኋላ ፋይሉን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያየ ስም ፍላሽ ላይ ገልብጪ። የማሽኑን የፎንት ፎልደርም ሙሉውን ውሰጂ፤ ይህን አደራ እልሻለሁ። ብዙ ሰው ዳታቤዙን ይወስድና ፎንቱን እዚያው ይተዋል፤ ማሽኑ ሲሞት የጽሑፉ መፍቻ አብሮ ይሄዳል። ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ስትሰኪ ከምንም በፊት በፀረ ቫይረስ አስፈትሺ። እነዚያ ማሽኖች ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ መኖሪያ ናቸው።

ላፕቶፑ ላይ የሁለቱን ቅጂዎች ሐሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) አስወጪ፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ሰርትዩቲል የሚባለው ትእዛዝ ይበቃል። ሁለቱ ሐሾች አንድ ከሆኑ ሃርድ ዲስኩ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር አንብቧል። ከተለያዩ ዲስኩ እየሞተ ነውና ሳትውዪ ሳታድሪ ደጋግመሽ ገልብጪ። ከዚያ አንዱን ቅጂ ሪድ ኦንሊ አድርገሽ አስቀምጪ፤ ሥራሽ በሌላኛው ላይ ይሁን።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ፈትሺ። የዚያን ጊዜ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ፎርሙን (መረጃ መሙያ ገጹን) በአንድ ፋይል፣ ቴብሎቹን (መረጃው የተቀመጠባቸውን ሠንጠረዦች) በሌላ ፋይል ያደርጉ ነበር። የወሰድሽው ፋይል ፎርሙን ብቻ የያዘው ከሆነ ቴብሎቹ ያሉ ይመስላሉ፤ ስትከፍቻቸው ግን ትክክለኛ ዱካ አይደለም የሚል ኢረር ይመጣል፣ ከጎኑም ዲ ብሎ የሚጀምር የፎልደር አድራሻ ይጻፋል። ሁለተኛው ፋይል ያለው እዚያ አድራሻ ላይ ነውና ተመልሰሽ እሱንም አምጪ።

አሁን ወደ ኢረሩ። «የዳታ ሶርሱ ስም አልተገኘም» የሚለው መልእክት ፋይሉ ተበላሽቷል አይልም። የፓይዘንሽና የድራይቨሩ (ፓይዘን የአክሰስን ፋይል እንዲያነብ የሚያስችለው ፕሮግራም) ቢት፣ ማለትም 32 ወይም 64 የሚባለው ዓይነታቸው፣ አልተገናኘም፣ ወይም የድራይቨሩ ስም በትክክል አልተጻፈም ማለት ነው። ዛሬ ከኢንተርኔት የሚወርደው ፓይዘን በአብዛኛው 64 ቢት ነው። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው የድሮው የአክሰስ ድራይቨር ግን 32 ቢት ብቻ ነው። 64 ቢቱ ፓይዘን ይህን ድራይቨር አያየውም፤ ስለማያየውም የለም ይላል።

ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ማይክሮሶፍት ያወጣውን አዲሱን የአክሰስ ኢንጂን በ64 ቢት መጫን ነው። ላፕቶፑ ላይ 32 ቢት ኦፊስ ካለ ግን አልጫንም ብሎ ያስቸግራል፤ ፋይሉ በአክሰስ 97 የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከ2013 ወዲህ የመጡት አክሰሶች ያን ዓይነት ፋይል አይከፍቱም። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው 32 ቢት ፓይዘን መጫን ነው። ከነበረው ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ አይጣሉም። ድራይቨሩ ከዊንዶውሱ ጋር የመጣ ስለሆነ ሌላ የምትጭኚው የለም፤ የ97ቱንም የ2000ውንም የ2003ቱንም ፋይል ያነባል። ኔትወርክ በሚያስቸግርበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚቀርሽ ፓይዘንን ከድራይቨሩ ጋር የሚያገናኘው ፓይኦዲቢሲ የሚባለው ላይብረሪ ብቻ ነው፤ እሱንም ኔትወርክ ባለበት አውርደሽ በፍላሽ ማምጣት ትችያለሽ፤ ለ32 ቢትና ለፓይዘንሽ ቨርዥን የተዘጋጀው መሆኑን እዪ።

የትኛውን ፓይዘን እንደከፈትሽ ለማወቅ ሲነሳ የሚጽፈውን የመጀመሪያ መስመር አንብቢ፤ 32 ቢት ወይም 64 ቢት ይላል። በመስመሩ መጨረሻ ላይ ዊን32 የሚለው አያሳስትሽ፣ 64 ቢቱም ላይ ይጻፋል። ዊንዶውስ ራሱም እዚህ ላይ ያደናግራል፦ የኦዲቢሲ (የዳታቤዝ ድራይቨሮች) ማስተካከያው 64 ቢት የሆነው ሲስተም32 በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው ያለው፣ 32 ቢቱ ደግሞ ሲስዋው64 በሚባለው። ስሙን አትመኚ።

ከዚያ ከስክሪፕትሽ በፊት አንድ መስመር ብቻ አስኪጂ፦ ፓይኦዲቢሲን ያሉትን ድራይቨሮች ዘርዝር በይው። ዝርዝሩ ውስጥ የማይክሮሶፍት አክሰስ ድራይቨር የሚል ታገኛለሽ፤ በቅንፍ ውስጥ ኤምዲቢ (የድሮው የአክሰስ ፋይል ዓይነት) ብቻ ካለ አሮጌው ነው፣ ኤምዲቢና ኤሲሲዲቢ (የአዲሱ) ካለ አዲሱ። ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ኮፒ አድርጊ እንጂ በእጅሽ አትጻፊው። በአዲሱ ስም ውስጥ ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ እሱ ከቀረ ያው ኢረር ይመለሳል። በማገናኛው ጽሑፍ ላይ የድራይቨሩን ስም በጥምዝ ቅንፍ አድርጊ፣ ቀጥሎ ዲቢኪው ብለሽ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ስጪ። በቃ፣ ይከፈታል። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ቃሉን ፒደብልዩዲ በሚለው ትጨምሪያለሽ፤ ቃሉን ግን ከሠራው ሰው ወይም ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር በደብዳቤ ጠይቂ እንጂ ከኢንተርኔት መስበሪያ አትፈልጊ።

ሲከፈት ወዲያው ጥያቄ አትጀምሪ። የቴብሎቹን ስም አውጪ፣ የእያንዳንዱን ረድፍ ቁጠሪ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፊው። ቀጥሎ ስክሪፕትሽ እያንዳንዱን ቴብል ሙሉውን ያንብብና ኤስኪውላይት ወደሚባለው ትንሽ የዳታቤዝ ዓይነት ይጻፈው። ኤስኪውላይት ከፓይዘን ጋር አብሮ ይመጣል፣ ሰርቨር አይፈልግም፣ ሁሉ ነገር በአንድ ፋይል ውስጥ ነው፤ የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ለእሱ ምንም አይደለም። በዚህ ዙር ምንም አታርሚ። ፊደሉ የተበላሸ ቢመስልም፣ ቀኑ ቢያስቅም፣ ስሙ ላይ ትርፍ ክፍት ቦታ ቢኖርም እንዳለ ይግባ። እነዚህን ቴብሎች «ጥሬ» የሚል ቃል ከፊታቸው ጨምረሽ ሰይሚያቸው፤ ከዚያ በኋላ አይነኩም። ባዶ ውጤትና ዜሮ ውጤት እንዳይቀላቀሉብሽ ጠብቂ፤ ባዶው ፈተና ያልተቀመጠ ሊሆን ይችላል፣ ዜሮው ተቀምጦ ዜሮ ያገኘ ነው፣ አማካዩ ላይ ልዩነት ያመጣሉ። የውጤት ኮለሙ ሲንግል የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ 78.3 የነበረው 78.30000305 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ይህ የቁጥሩ አቀማመጥ ባሕርይ ስለሆነ ኋላ ስታርሚ በአንድ አሃዝ ማጠጋጋት ነው።

ዳታቤዙ ውስጥ ተዘጋጅተው የተቀመጡ ኩዌሪዎችም (ለዳታቤዙ የሚቀርቡ ጥያቄዎች) ታገኛለሽ። ከውጭ ስትጠሪያቸው አንዳንዶቹ ያልታወቀ ፈንክሽን ይላሉ፤ የአክሰስ ፕሮግራሙ ራሱ ብቻ የሚያውቃቸውን ትእዛዞች ስለሚጠቀሙ ነው። ከቴብሎቹ አንብቢ እንጂ በእነሱ አትሂጂ። ግን ጽሑፋቸውን ገልብጠሽ አስቀምጪ። የዓመቱ አማካይ እንዴት ይሰላ እንደነበር፣ የትኛው ትምህርት እንደማይደመር የተጻፈው እዚያ ነው።

አሁን ቃል የገባሁልሽ፣ በስም መጠየቅ ለምን እንደማይሆን። የዓለምን ፊደሎች በአንድ ሥርዓት በቁጥር የሚለየው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በ1999 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት ናይላን ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ኤክስፒ ላይ ይሠራ የነበረ ጸሐፊ በአብዛኛው የሚጠቀመው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉትን ነበር። በዚያ ዘመን እነዚህ ፎንቶች የሚያደርጉት የላቲን ፊደሉን ቦታ ወስዶ የአማርኛ ፊደል መሳል ነው። ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎርሙ ላይ የተመረጠው ፎንት ብቻ ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያየሽው እሱን ነው።

ለአክሰስ ደግሞ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ሲነጻጸሩ አንድ ናቸው። በእነዚያ ፎንቶች ግን ትልቁ አንድ የአማርኛ ፊደል፣ ትንሹ ሌላ የአማርኛ ፊደል ነው። እንግዲህ አክሰስን ይህን ስም አምጣልኝ ስትዪው በአማርኛ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ስሞችን አንድ ናቸው ብሎ ያመጣል። በስም አሰባስብ ብትዪው ሁለት ልጆችን ያዋህዳል። ሁለት ቴብል በስም አገናኝ ብትዪው የአንዱን ማርክ ለሌላው ይሰጣል። ኢረር አያወጣም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሳሳተው። ይህ ብቻም አይደለም። ነጠላ ጥቅሱ፣ የመቶኛ ምልክቱ፣ የስር መስመሩ፣ ማዕዘን ቅንፉ በእነዚህ ፎንቶች ፊደል ወይም የፊደል ቅጥያ ሊሆኑ ይችላሉ። በዳታቤዝ መጠየቂያው ቋንቋ በኤስኪውኤል ውስጥ ግን እያንዳንዳቸው ሌላ ሥራ አላቸው፤ ስሙን ከጥያቄው ጋር ቀጥለሽ ብትልኪ ጥያቄሽ መሐል ላይ ይቆረጣል። ለሌላ ጊዜም ቢሆን ዋጋውን በጥያቄ ምልክት ተክተሽ ለብቻው መላክን ልማድ አድርጊው።

ስለዚህ ማገናኛሽ የተማሪው መለያ ቁጥር ይሁን፤ ስሙ የሚፈለገው ወደ ዩኒኮድ ከተቀየረ በኋላ ነው። ቅያሪው እንዲህ ይሠራል። በመጀመሪያ የትኛው ፎንት እንደሆነ እወቂ፤ አሮጌው ማሽን ላይ ፎርሙን በዲዛይን ከፍተሽ የስም ሳጥኑን ስትነኪ የፎንቱ ስም ይታያል። ያመጣሽውን ፎንት ላፕቶፑ ላይ ጫኚ። ቀጥሎ ስክሪፕትሽ ከስም ኮለሞቹ ውስጥ የሚገኙትን የተለያዩ ምልክቶች ሁሉ ከነድግግሞሻቸው ይዘርዝር። ዝርዝሩን በኤክሴል አድርጊና አንዱን ኮለም በአሮጌው ፎንት አሳዪ፣ ከጎኑ በዩኒኮድ የምታዪውን ፊደል በእጅሽ ሙዪ። የግዕዝ ፊደል በአንድ የድሮ ፎንት ውስጥ አይበቃም፤ ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፍለውታል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ አንዱን ፊደል ከሁለት ምልክት ይሠሩታል። ሁለት ምልክት ሆኖ አንድ ፊደል የሚሰጠውንም በሠንጠረዡ ውስጥ አስገቢ፤ ስክሪፕቱ ሲቀይርም ሁልጊዜ ረጅሙን አስቀድሞ ይፈልግ። አጭሩን ካስቀደመ ሁለቱ ምልክቶች ተለያይተው የሌለ ቃል ይወጣል።

ሠንጠረዡን ስትሠሪ ከስክሪፕቱ በሚወጣው ምልክት ላይ ተመሥረቺ እንጂ ከመጽሐፍ ባገኘሽው የባይት ቁጥር ላይ አይሁን። አክሰስ 2000 የተጻፈውን ወደ ዩኒኮድ አዙሮ ነው የሚያስቀምጠው፣ 97 እንዲያ አያደርግም፤ የላፕቶፑ ዊንዶውስ ዩኒኮድ ላልሆኑ ፕሮግራሞች የተመረጠለት ቋንቋም የ97ቱን ንባብ ይለውጠዋል። እሱን የአሜሪካ እንግሊዝኛ ላይ ተዪውና በሥራው መሐል አትቀይሪ። ሠንጠረዡ ውስጥ የሌለ ምልክት ሲያጋጥም ስክሪፕቱ ዘሎ እንዳያልፍ፤ ይቁምና መለያ ቁጥሩን ይጻፍልሽ። ለማረጋገጫ አንድ ክፍል ምረጪና የተቀየረውን ስም ዝርዝር ከወረቀቱ ሮስተር ጋር ጎን ለጎን አንብቢ። ሮስተሩ በእጅ ተጽፎ ማኅተም ያለበት ነውና ዳኛው እሱ ነው።

ስሙ አማርኛ ከሆነ በኋላ ሌላ ሥራ አለ። አንዱ ጸሐፊ ኃይሉ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሌላው ሃይሉ። ዓለም አለም ይሆናል፣ ፀሐይ ጸሀይ ይሆናል፣ ገብረ ማርያም አንዱ ዓመት ላይ ገ/ማርያም፣ ሌላው ዓመት ላይ ገ.ማርያም ነው። መዝገቡ ላይ ያለውን ስም አትንኪ፤ የልጁ ካርድ ላይ የወጣው እሱ ነው። ከጎኑ «ለፍለጋ» የሚል አንድ ኮለም ጨምሪ። በእሱ ውስጥ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ እና ኃ ሁሉ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ፣ ዓ እና ኣ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩ፣ የቀሩት ቤቶቻቸውም እንደዚያው፤ ክፍት ቦታና ምልክት ይውጣ፤ ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ገ/፣ ወ/፣ ኃ/፣ ተ/ ወደ ሙሉ ቃላቸው ይዘርዘሩ። ኃ/ ኃይለ፣ ተ/ በአብዛኛው ተክለ ነው፤ ወ/ ግን ወልደም ወለተም ሊሆን ስለሚችል ስክሪፕቱ ሁለቱንም ይፈልግ። ሰው የሚያስገባው ስምም በዚያው መንገድ ይለፍና ሁለቱ ይነጻጸሩ። የአባትና የአያት ስም ሳይጨመር ውጤት እንዳያሳይ አድርጊው። መንዝ ውስጥ በአንድ ዓመት የመዘገብሻቸውን ልጆች ስም ብታዪ ተመሳሳይ ስም ከነአባቱ ስንት ጊዜ እንደሚደገም አንቺው ታውቂያለሽ።

ወደ ቀኑ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ቆም በዪ። የልደት ቀኑ እንደ ጽሑፍ ወይም በሦስት የቁጥር ኮለም ከተቀመጠ ዕድለኛ ነሽ። መጀመሪያ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ለዪ፦ 31 የሚል ቀን ካለ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ ወር ከ30 አያልፍም፤ ወር 13 ካለ ወይም ጥቅምት 30 ካለ የእኛ ነው። ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ ላይብረሪ አትፈልጊ፣ ስሌቱ አንድ መስመር ነው። ዓመቱን በ365 አባዢ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለሽ ሙሉውን ቁጥር ብቻ ደምሪ፤ ከወሩ 1 ቀንሰሽ በ30 አባዝተሽ ደምሪ፤ ቀኑን ደምሪ፤ በመጨረሻ 2430 ጨምሪ። የወጣውን ቁጥር ወደ ቀን ለሚለውጠው የፓይዘን ትእዛዝ፣ ለዴት ፍሮምኦርዲናል፣ ስጪው። መስከረም 1 ቀን 2000ን ብንወስድ፣ 730000 ሲደመር 500 ሲደመር 0 ሲደመር 1 ሲደመር 2430፣ 732931 ይሆናል፤ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን 1999 ደግሞ 732930 ይሰጥሻል፣ ልክ አንድ ቀን የቀደመ። ጳጉሜ 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፣ ብቻ ነውና ስክሪፕቱ ከዚያ ውጭ ጳጉሜ 6 ካየ ያስቁም።

ችግሩ ኮለሙ የአክሰሱ የቀን ዓይነት ሆኖ ሳለ ጸሐፊው የእኛን ቀን የጻፈበት ሲሆን ነው። ግራ አጋባኝ ያልሽው ይህ ይመስለኛል። አክሰስ የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ነው። ጥቅምት 30 ብሎ 30/2 ሲጻፍለት ፌብሩዋሪ 30 የለምና አይቀበልም፤ ጸሐፊውም ሥራው እንዳይቆም 28 ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ጥቅምት 28 ላይ ከሌላው ቀን የበዛ ክምር ካየሽ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ጳጉሜ ግን ከዚህ ይብሳል። ጳጉሜ 5 ቀን 1980 የተወለደች ልጅ 5/13/1980 ተብላ ስትመዘገብ አክሰስ አስራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ እምቢ አይልም፤ ገልብጦ ሜይ 13 ያደርገዋል። ስታነቢው ወር 5፣ ቀን 13 ነው፣ በእኛ ጥር 13። ልጅቷ በዝምታ ከጳጉሜ ወደ ጥር ሄደች። ስለዚህ ከመስከረም እስከ የካቲት ባሉት ስድስት ወሮች በ13 የተወለዱትን ሁሉ ለብቻ አውጪና ከ12ና ከ14 ጋር ቁጥራቸውን አነጻጽሪ። በ13 የበዙ ከሆነ ከመካከላቸው የጳጉሜ ልጆች አሉና አንድ በአንድ ከመመዝገቢያ ቅጹ ጋር ይታዩ።

የማሽኑ የቀን አጻጻፍ በአሜሪካ ሥርዓት፣ ወር አስቀድሞ የተቀመጠ ከነበረ ሌላም አለ። ጸሐፊው ቀን አስቀድሞ 25/4 ብሎ ሲጽፍ 25 ወር ስለማይሆን በትክክል ተረድቶታል፤ 5/4 ብሎ ሲጽፍ ግን ወር 5፣ ቀን 4 አድርጎ ይዞታል። ከ12 በታችና በላይ ያሉት ቀኖች በተለያየ መንገድ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ከአሮጌው ማሽን ሳትለያዪ የሪጅናል ሴቲንጉን ከፍተሽ ፎቶ አንሺው። ከጥቂት ቅጾች ጋር አመሳክረሽ ሁሌም ቀን አስቀድመው እንደጻፉ ካረጋገጥሽ ከ12 ያልበለጡትን ስክሪፕቱ ይመልሳቸዋል። ካላረጋገጥሽ አትመልሺ፤ «ያልተረጋገጠ» የሚል ምልክት ይኑራቸው።

የወረዳ ስም ያለበትን ቴብልም አትንኪ። በዚያን ጊዜ ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል ተብሎ በአንድ ኮድ የተያዘው ዛሬ መንዝ ጌራ ምድርና መንዝ ቀያ ገብርኤል ነው፤ ማማ ምድርና ላሎ ምድርም እንዲሁ ተለያይቷል። ልጁ የመጣው ከየትኛው እንደሆነ የሚነግርሽ ቀበሌው ብቻ ነው። የድሮው ስም በቦታው ይቆይ፣ የዛሬው በሌላ ኮለም ይግባ፤ ቀበሌው ካልተጻፈ ባዶ ይሁን።

ፋይሉን ኤምዲቢ ወደ ሌላ እቀይራለሁ በሚል ድረ ገጽ ላይ እንዳትጭኚ። የሺህ ልጆች ስም፣ ልደትና ውጤት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም አለ። ሥራውን ስትጀምሪ ከርዕሰ መምህሩ በደብዳቤ ፈቃድ ያዢ፤ ላፕቶፑም የይለፍ ቃል ይኑረው። ስክሪፕቱ የሚያወጣው ደግሞ ረቂቅ ነው፤ ማኅተም የሚያርፈው ከሮስተሩ ጋር ከተመሳከረ በኋላ ይሁን። ስክሪፕቱ የሮስተሩን ዓመት፣ ክፍልና ተራ ቁጥር አብሮ እንዲያወጣ ካደረግሽው መዝገቡን ከመደርደሪያ ለማግኘት ጊዜ አይፈጅብሽም።

ፎርሙ ላይ የምታገኚውን የፎንት ስምና የአክሰሱን ዘመን ጻፊልኝ፤ የምልክቶቹን ዝርዝርም ከነድግግሞሻቸው ላኪልኝ። የተማሪ ስም አትላኪ፣ ምልክቶቹ ብቻ ይበቁኛል። ለአንዳንዶቹ ፎንቶች ሠንጠረዥ ሠርቼ አስቀምጫለሁ፤ ያንቺው ከእነሱ አንዱ ከሆነ የፊደል ቅያሪውን ከዜሮ መጀመር አያስፈልግሽም።